«የመሰላችሁን» ማለት ይቅርብን፦ ኮንትራት ሲታደስ ዋጋ ስለመጠየቅ

ይሄ ደብረ ብርሃን ላይ በፍሪላንስ፣ ማለትም ሳይቀጠሩ በኮንትራት፣ ለሚሰሩ ልጆች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ከመሃል ሜዳም ከሸዋ ሮቢትም መምጣት ያልቻሉ ልጆች «ጻፍልን» ስላሉኝ ብዙም ሳልነካካው አስቀምጬዋለሁ፣ መጨረሻ ላይ የተነሱትን ጥያቄዎችም ጨምሬበታለሁ።

እንዴት ናችሁ፣ በዚ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እዚ ካላችሁት አብዛኛው ስራ ያለው ሰው ነው። ዲዛይን የሚሰራ አለ፣ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ አለ፣ ኮድ የሚጽፍ፣ የሚተረጉም፣ አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ሂሳብ ከዚ ሆኖ የሚይዝ አለ። ስለዚ ስራ እንዴት ይገኛል የሚለውን ዛሬ አላነሳውም፣ እሱን የሚያስተምር ሞልቷል። እኔ ማውራት የፈለኩት ማንም ስለማያወራው ሰአት ነው። አመት ሰርታችኋል፣ ክላየንቱ፣ ስራውን የሚሰጣችሁ ደንበኛ ማለት ነው፣ ወዷችኋል፣ ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው፣ እና አንድ ቀን «እናድሰው» የሚል ኢሜይል ይመጣል። እዛች ጋ ምንድነው የምናደርገው?

አብዛኛው ሰው ፒዲኤፉን ከፍቶ ቀኑን ብቻ አይቶ ፈርሞ ይመልሳል። ዋጋው የአምናው ነው፣ ስራው ግን የአምናው አይደለም፣ ገበያውም የአምናው አይደለም። ክላየንቱ ጨዋ ሆኖ «ለዘንድሮ ስንት እናድርግልህ?» ብሎ ቢጠይቅ እንኳን መልሳችን ምንድነው? «እናንተ እንዳያችሁት፣ የመሰላችሁን።» ይሄን መልስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አሁን ስለው ፈገግ ያላችሁትን አይቻለሁ። ያሳደገን ይሉኝታ ነው፣ ለጎረቤትና ለዘመድ ጥሩ ነገር ነው፣ እኔ በይሉኝታ ላይ አልመጣም። ግን ስሩን አስቡት፣ ዋጋ የመቁረጡን ስራ ለሌላኛው ወገን አሳልፎ መስጠት ነው፣ ሌላኛው ወገን ደግሞ ክፉ ሰው ባይሆንም ባጀት ያለው ሰው ነው፣ እና ባጀት ያለው ሰው ሳይጠየቅ አይጨምርም። ኮንትራት ሲታደስ ዝም ያለ ሰው ዋጋው ባለበት የቆመ ይመስለዋል፣ አልቆመም፣ ቀንሷል። እንዴት እንደቀነሰ ትንሽ ቆይቼ በቁጥር አሳያችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ለምን «ሲታደስ» ላይ እንደማተኩር ልንገራችሁ። ከነገሩ ሁሉ ይሄ ነው ትልቁ። እስካሁን የምንተዳደርበት የፍትሐ ብሔር ሕግ የ1952ቱ ነው። አንቀጽ 1731 ላይ በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መሃል እንደ ሕግ እንደሚቆጠር ያስቀምጣል። ትንሽ ወረድ ብሎ አንቀጽ 1764 አለ፣ እሱ ደግሞ የሚለው በአጭሩ ሁኔታው ተለውጦ ግዴታህ መጀመሪያ ካሰብከው በላይ ቢከብድህም ውሉ እንዳለ ይቀጥላል ነው። ምን ማለት እንደሆነ አያችሁ? ኮንትራቱ ስድስተኛ ወሩ ላይ እያለ ጤፍ ጨመረ፣ ቤት ኪራይ ጨመረ ብላችሁ ብትሄዱ ክላየንቱ እሺ ካለ ደግነቱ ነው፣ ተስማምቶ መቀየር ሁሌም ይቻላል፣ እምቢ ካለ ግን ሕጉ ከሱ ጋ ነው። የጊዜ ገደቡ ያለቀ ቀን ግን ሁለታችሁም ነጻ ሰው ናችሁ፣ እሱም የመተው መብት አለው፣ እናንተም አላችሁ። በአመት አንዴ የምትከፈት በር ነች። ዘንድሮ ዝም ብለህ ካሳለፍካት የዛሬ አመት ነው የምትመለሰው፣ የድሮውንም ዋጋ በራስህ ፊርማ ለአንድ አመት ሕግ አደረከው ማለት ነው።

አሁን ቁጥሩ። በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር ሁላችንም በኪሳችን እናስታውሰዋለን። እኔ ግን ለሂሳብ እንዲቀለን በአመት 20 በመቶ ብቻ ብለን እንያዝ። አምና በ10,000 ብር የገዛኸው ዘንድሮ 12,000 ነው፣ ከርሞ ደግሞ 14,000 እንዳይመስልህ፣ ጭማሪው በጭማሪው ላይ ስለሚሄድ 14,400 ነው። ስለዚ ሁለት አመት ሳይጨምር የቆየ ልጅ ተነስቶ «20 በመቶ ጨምሩልኝ» ብሎ 12,000 ቢያገኝ ደስ ብሎት ሊያመሰግን ይችላል፣ ግን ድሮ የነበረበት ቦታ ለመመለስ ገና 2,400 ብር ይቀረዋል። ጭማሪ አግኝቶ እንኳን ከድሮው ባነሰ ዋጋ ነው እየሰራ ያለው። ምንም ያልጠየቀውን እናንተው አስሉት።

ዶላሩ ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፣ ከዛም በኋላ አልቆመም። በቀጥታ በዶላር የሚከፈላችሁ ልጆች በዚ ተጠቅማችኋል፣ ጥሩ ነው። የሚያሳስበኝ መሃል ላይ ያለው ነው። አዲስ አበባ ያለ ኤጀንሲ ከውጭ ድርጅት ስራ ይቀበላል፣ እሱ በዶላር ተቀብሎ ለናንተ በብር ይከፍላል። እሱ 1,000 ዶላር ይቀበላል፣ ላንተ 30,000 ብር ይሰጥሃል እንበል። በ57 ሂሳብ 57,000 ብር ገብቶለት ከግማሽ በላዩን ለሰራው ሰው ሰጠ፣ ይሄ ፍትሃዊ ነው። በ100 ሂሳብ 100,000 ብር ገባለት፣ ላንተ ያው 30,000፣ አሁን ከሶስት እጅ አንዱ እንኳን አልሞላም። ማንም ዋጋህን አልቀነሰም፣ ማንም አልበደለህም፣ ኮንትራቱ ላይ ያለው ቁጥር ግን በብር ተጽፎ ስለቀረ ብቻ ድርሻህ እንዲ ሆነ። እንደዚ አይነት ክላየንት ያለው ሰው እድሳት ላይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ለዚ ስራ እናንተ የሚከፈላችሁ በምንድነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ነውር የለውም፣ መልስ ባይሰጡህም መጠየቅህ ራሱ አንድ ነገር ይነግራቸዋል።

እሺ፣ ስንት ነው የምጠይቀው? ወደ ንግግር ከመግባታችሁ በፊት በልባችሁ መያዝ ያለባችሁ አንድ ቁጥር አለ፣ ከሱ በታች ከሆነ አመስግናችሁ የምትወጡበት። የመንዝ ገበሬ በጉን ይዞ እዚ ገበያ ሲመጣ እኮ ዋጋውን እቤቱ ቆርጦ ነው የሚመጣው። ደላላው ጀርባውን ዳበሰ አልዳበሰ፣ ከሳ አለ አልከሳ፣ ከቆረጠው በታች ከሆነ በጉን ይዞ ይመለሳል ወይ ዘመድ ግቢ አሳድሮት ለሌላ ገበያ ያወጣዋል። መመለስ እንደሚችል ፊቱ ላይ ስለሚታይ ነው ደላላው የሚጨምረው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰን ላፕቶፕ የያዝን ልጆች ያንን አባት ያህል ጨክነን ዋጋችንን የማንቆርጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ቁጥሩን እንዴት እናውጣው የሚለው ላይ ብዙ ሰው የሚሰራው ሂሳብ ጎዶሎ ነው። «ተቀጥሬ ብሰራ 20,000 አገኛለሁ፣ ለ22 ቀን ሲካፈል በቀን 909 ብር» ብሎ ያንን ይጠይቃል። ተቀጣሪው ግን የሚያገኘው 20,000 ብቻ አይደለም። አሰሪው በላዩ ላይ 11 በመቶ ጡረታ ይከፍልለታል፣ 2,200 ብር ነው፣ ስለዚ 22,200፣ በአመት 266,400። ቀጥሎ ቀኑን እንቁጠር። የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011 ማለቴ ነው፣ ለተቀጣሪ ለመጀመሪያው አመት 16 የስራ ቀን ፈቃድ ከነደሞዙ ይሰጠዋል፣ ህመም ፈቃድ አለው፣ ከስራ ሲሰናበት እንደ ሁኔታው የስራ ስንብት ክፍያ አለው። እኛ ይሄ ሁሉ የለንም፣ ካልሰራን አንበላም። በሳምንት አምስት ቀን ብንሰራ በአመት 260 ቀን ነው፣ 16ቱን ፈቃድ አውጡ፣ በዓላቱን ወደ 13 ብላችሁ አውጡ፣ 231 ቀን ይቀራል። ከነዚህ ውስጥ ደግሞ ሩቡ ክላየንት ፍለጋ፣ ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) መላክ፣ «ክፍያው መቼ ነው» ብሎ መደወል፣ ያልተሳካ ፕሮፖዛል መጻፍ ነው፣ ለሱ ማንም አይከፍለንም። የሚከፈልበት ቀን 173 ገደማ ነው። 266,400 ለ173 ሲካፈል በቀን 1,540 ብር። ገና ኢንተርኔቱን፣ መብራት ሲጠፋ የምትጠቀሙበትን ባትሪ፣ የላፕቶፑን እርጅና ሳንነካ ማለት ነው። 909 የሚለው ልጅና 1,540 የሚለው ልጅ ኑሯቸው አንድ ነው፣ አንደኛው ሂሳቡን ጨርሶ ሰርቶታል። እቤት ስትገቡ በራሳችሁ ቁጥር ስሩት፣ ወረቀት ላይ፣ በጭንቅላት አይሆንም።

ቀጥሎ ያለው እድሳትን ከአዲስ ስራ የሚለየው ነገር ነው። አዲስ ስራ ስትዋዋሉ ጠረጴዛው ላይ ቁጥር የለም። ስትታደሱ ግን አለ፣ የአምናው ዋጋ እዛው ቁጭ ብሏል። እና ሰው ፊቱ ከተቀመጠ ቁጥር ብዙ አይርቅም። ኤሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የሚባሉ የሳይኮሎጂ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ዝነኛ ሙከራ አለ። ቁጥር ያለበት መንኮራኩር ሰዎች ፊት ያሽከረክራሉ፣ መንኮራኩሩ 10 ላይ ወይ 65 ላይ ይቆማል፣ ከዛ «የተባበሩት መንግስታት ውስጥ የአፍሪካ አገሮች በመቶ ስንት ናቸው?» ብለው ይጠይቃሉ። 10 ያዩት ግምታቸው መሃሉ 25 ሆነ፣ 65 ያዩት 45። መንኮራኩሩ ከጥያቄው ጋ ምንም አያገናኘውም፣ ግን ሰዉን ጎተተው። የማይገናኝ ቁጥር እንዲ ከጎተተ፣ አመት ሙሉ በየወሩ ሲከፈል የነበረ ቁጥር እንዴት አድርጎ እንደሚጎትት አስቡት። ለዛ ነው እድሳት ላይ ወሬው ሁሌ «ስንት ፐርሰንት ልጨምርህ» የሚሆነው። ፐርሰንት ባልን ቁጥር መነሻችን የድሮው ዋጋ መሆኑን ተቀብለናል ማለት ነው።

ስለዚ ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ ቁጥሩን ቀድማችሁ ተናገሩ፣ በኢሜይል ከሆነ ኢሜይሉ ላይ ጻፉት፣ «መወያየት እፈልጋለሁ» ብላችሁ ብቻ አትላኩ። ሁለተኛ፣ ከተቻለ ስራው የሚለካበትን ነገር ቀይሩት። በፖስት ይከፈላችሁ ከነበረ የወር ጥቅል አድርጋችሁ አቅርቡት፣ በሰአት ከነበረ በፕሮጀክት አድርጉት። ለምሳሌ በፖስት 800 ብር የነበረ ሰው «1,200 አድርጉልኝ» ሲል ክላየንቱ ጭንቅላት ውስጥ 50 በመቶ የሚል ደወል ይደውላል። «በወር 12 ፖስት፣ ሁለት አጭር ቪዲዮ፣ የወር መጨረሻ ሪፖርት፣ አንድ ላይ ይሄን ያህል» ሲል ግን የሚወዳደርበት የድሮ ቁጥር ስለሌለ አዲስ ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። ይሄ ማታለል አይደለም፣ ስራውም በእውነት ሌላ ሆኗልና። ካልሆነ ግን እንዲ አታድርጉ፣ ያንኑ ስራ ስም ቀይሮ ማቅረብ ያስንቃል።

ስለ ምክንያት። እዚ ጋ ጠንከር ብዬ ልናገር። «ኑሮ ተወደደ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ኪራይ ጨመረብኝ» ብላችሁ ጭማሪ አትጠይቁ። ኑሮው አልተወደደም ማለቴ አይደለም፣ ከላይ ሂሳቡን ሰርተነዋል። ግን ችግራችሁን ስትነግሩት ክላየንቱን እርዳታ እየጠየቃችሁት ነው፣ እርዳታ ደግሞ ሰው የሚችለውን ነው የሚሰጠው፣ እሱም «እኔም ላይ ተወዷል» ብሎ የራሱን ይነግራችኋል፣ እውነቱን ነው፣ እና ሁለታችሁም አልቅሳችሁ ትለያያላችሁ። ሂሳቡ የናንተ ነው፣ እቤት ቁጥራችሁን ለማወቅ ነው። ፊቱ የምታቀርቡት ግን ስራውን ነው፦ አምና የተስማማነው ይሄ ነበር፣ ዘንድሮ የምሰራው ይሄ ነው፣ ውጤቱ ይሄ ነው። ይሄ ደግሞ በመጨረሻዋ ቀን ፈልጎ አይገኝም፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ መመዝገብ ይፈልጋል። ቀላል ነው፣ ስልካችሁ ላይ አንድ ኖት ክፈቱ፣ ከኮንትራቱ ውጪ የሰራችሁትን ሁሉ ከነቀኑ ጻፉ። «ቶሎ ሎጎዋን አስተካክልልኝ»፣ «ይቺን ወረቀት ተርጉምልኝ»፣ ቅዳሜ ማታ የመጣውን፣ ምናምኑን ሁሉ። አመቱ ሲያልቅ ስታዩት ራሳችሁ ትደነግጣላችሁ። ክላየንቱ ያመሰገነበትን የቴሌግራም መልእክትም ስክሪንሾት አርጋችሁ አስቀምጡ።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። እዚ አገር የመንግስት ባጀት አመት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ብዙ የግል ድርጅትም በዛው ነው የሚሄደው። ሰኔ 25 ላይ ሄዳችሁ ብትጠይቁ ሰውዬው ቢፈልግ እንኳን ባጀቱ ተዘግቷል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው ወሬው መነሳት ያለበት። ባጀታቸው በፈረንጅ ጥር የሚጀምር ድርጅቶች ጋ የምትሰሩ ደግሞ ከጥቅምት አትለፉ። ውሉ የሚያልቅበት ቀን በባጀት አመታቸው መሃል የሚውል ከሆነም ቢያንስ ከስድስት ሳምንት በፊት ንገሯቸው። ሰው ሲጣደፍ የሚቀለው የአምናውን ወረቀት ቀን ቀይሮ መላክ ነው።

አሁን ንግግሩ ራሱ። አንዲት የማውቃት ልጅ አለች፣ እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች፣ የአንድ ሆቴል ሶሻል ሚዲያ ትይዛለች። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አባቷንም ያውቃሉ፣ ትንሽ ከተማ ውስጥ ይሄ ነው የሚከብደው፣ ክላየንት ብቻ አይደሉም። እንዲ ነበር ያነጋገረቻቸው።

«ጋሼ፣ ኮንትራቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ከመታደሱ በፊት ስለ ክፍያው ላነጋግርዎት ነው የመጣሁት።»

«ምነው ልጄ፣ ከፍለንሽ የለ እንዴ?»

«ከፍለውኛል፣ አንድም ወር አዘግይተውብኝ አያውቁም፣ አመሰግናለሁ። አምና የተስማማነው በወር ስምንት ፖስት ነበር። አሁን ስምንቱ ፖስት አለ፣ አራት ቪዲዮ አለ፣ በቴሌግራም ክፍል የሚጠይቀውንም ሰው የምመልሰው እኔ ነኝ። ለሚቀጥለው አመት ሁሉም አንድ ላይ በወር 18,000 ብር ነው።»

«በስማም! ከአስር ሺ ተነስተሽ? አንቺ እኮ ያገር ልጅ ነሽ፣ አባትሽን አውቀው የለ!»

እዚ ጋ ምን እንዳደረገች አስተውሉ፣ ዝም አለች። በጣም ከባድ ነው ዝም ማለት፣ እኛ ዋጋ በተናገርን በሰከንድ ውስጥ «ካልሆነም ችግር የለም» ብለን ራሳችን የምናፈርሰው እዚ ጋ ነው። ቡናዋን ጠጣች፣ ከዛ እንዲ አለች፦

«አባቴም ሰላም ብሎዎታል ጋሼ። ያገር ልጅ ስለሆንኩ ነው እሁድም ሲደውሉ የማነሳው፣ እሱ ላይ ዋጋ አልጠየኩም። 18,000 የሚከብድ ከሆነ የቴሌግራሙን መልስ ሰጪነት ለእንግዳ ተቀባይዋ አሳያታለሁ፣ ቪዲዮውን ሁለት እናደርገዋለን፣ ያኔ 15,000 ይሆናል።»

በ15,000 ተፈራረሙ። እዩት፣ 3,000 ብር ወረደች፣ ግን ዝም ብላ አልወረደችም፣ ስራውም አብሮ ወረደ። ይሄን ያዙልኝ፣ ዋጋ ሲቀንስ የሆነ ነገር አብሮ መቀነስ አለበት። ስራው ባለበት ሆኖ ዋጋው ብቻ ከወረደ መጀመሪያ የተናገራችሁት ዋጋ እውነተኛ አልነበረም ብሎ ያስባል፣ በሚቀጥለው አመትም ከዛው ነው የሚጀምረው። ሌላው ደግሞ አክብሮቷ አልጎደለም፣ «እርስዎ» እንዳለች ነው የጨረሰችው፣ ለትልቅ ሰው ዋጋ መናገር ድፍረት የሚመስላችሁ ልጆች ይሄን እዩልኝ።

ብዙ ጊዜ የሚመጡት ተቃውሞዎች የታወቁ ናቸው። «በግማሽ ዋጋ የሚሰራ ሞልቷል» ይላሉ። እውነት ነው፣ ሞልቷል፣ በ2016 ሐምሌ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠናም ገና ብዙ ልጅ ያስገባል፣ ደግሞም ይግቡ። ግን አዲሱ ልጅ ስራችሁን እስኪያውቅ ሁለት ሶስት ወር ይሳሳታል፣ የሚያርመው ደግሞ ያ ክላየንት ራሱ ነው። ሳትቆጡ «ልክ ነው፣ ይኖራል። እኔ ግን አሰራራችሁን ስለማውቅ አንዴ ነግራችሁኝ ነው የሚያልቀው» በሉ፣ በቃ። «አሁን እኮ ኤአይ ይሰራዋል» የሚለው ደግሞ ከቻትጂፒቲ ወዲህ የመጣ ነው። እሱን አትካዱት፣ ትጠቀሙበት ከሆነም አትደብቁ። ኤአይ ያወጣውን አማርኛ አንብቦ የሚያስተካክል፣ ስህተት ሲወጣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ግን ያስፈልጋቸዋል፣ የሚከፍሉት ለሱ ነው።

እኛን ብቻ የሚመለከት ሶስተኛ አለ፣ «እናንተ ጋ ኔትወርክ አይታመንም።» በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስንቱ ልጅ ስራውን እንዳጣ እናውቃለን፣ ስንቱ ደግሞ ላፕቶፑን ይዞ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እያደረ ዴድላይኑን እንዳደረሰ እናውቃለን። ይሄ ሲነሳ አንገታችሁን አትድፉ። በዛ ጊዜ ያደረሳችሁት ስራ ካለ ከነቀኑ አሳዩ፣ ከዛ የበለጠ የታማኝነት ማስረጃ ከየትም አታመጡም። ኮንትራቱም ላይ መስመር ይጨመርበት፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥ በስንት ሰአት በስልክ እንደምታሳውቁ፣ ዴድላይኑ በስንት ቀን እንደሚራዘም። ስጋቱ ወረቀት ላይ ከተፈታ ዋጋ መቀነሻ መሆኑ ይቀራል።

ብር አንጨምርም ብለው ከጸኑስ? ብር ያልሆነ ግን ብር የሚያወጣ ብዙ ነገር አለ። ግማሹን ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ። ኢንቮይስ በላካችሁ በ15 ቀን እንዲከፈል ጠይቁ። ማስተካከያው ሁለት ዙር ብቻ እንዲሆን ጠይቁ፣ ዲዛይን የምትሰሩ ይሄ ብቻውን ስንት ቀን እንደሚያተርፍላችሁ ታውቁታላችሁ። እኔ ከሁሉም የምመርጠው ግን ኮንትራቱን ማሳጠር ነው፣ «እሺ በድሮው ዋጋ፣ ግን ለአራት ወር ብቻ።» በሯ ከአመት በኋላ የምትከፈት ከነበረ አሁን ከአራት ወር በኋላ ትከፈታለች። እነሱም ብዙ አይቃወሙትም፣ ምክንያቱም ዛሬ ምንም አያስወጣቸውም።

ወደ ጥያቄዎቹ ልለፍ።

አንድ ልጅ አፕወርክ ላይ፣ ማለትም ፍሪላንሰርና ክላየንት በኦንላይን የሚገናኙበት ድረ ገጽ ላይ፣ ስላለው ጠየቀ። እዛ ላይ የምትጠይቁት ዋጋና ኪሳችሁ የሚገባው አንድ አይደለም። አፕወርክ ድሮ ከአንድ ክላየንት ከመጀመሪያው 500 ዶላር 20 በመቶ ይወስድ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ለሁሉም 10 በመቶ አደረገው፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ እንደ ስራው ከ0 እስከ 15 በመቶ ይለያያል። ፋይቨር የሚባለው ሌላው ድረ ገጽ 20 በመቶ ነው። ስለዚ የቆረጣችሁት ቁጥር ከኮሚሽን በኋላ ያለው መሆን አለበት። ፋይቨር ላይ 40 ዶላር እጃችሁ እንዲገባ 48 ሳይሆን 50 ነው የምትጠይቁት። የውጭ ክላየንት ጋ ደግሞ ስለ ብር መውደቅና ስለ አገር ውስጥ ኑሮ ባታነሱ ይሻላል፣ እሱ የሚያየው ስራውንና በሱ ገበያ ያለውን ዋጋ ነው፣ ጭራሽ «ዶላር እኮ እዛ ተወዷል» ብሎ ሊቀንስ የሚሞክርም አለ።

ሌላ ልጅ ስለ ግብር አነሳ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የተደራደረውን እዚ ጋ ያጣዋል። ዋጋ ስትናገሩ ከግብር በፊት ይሁን በኋላ ግልጽ አድርጉ። ድርጅቶች ለአገልግሎት ሲከፍሉ ከተወሰነ መጠን በላይ ከሆነ ዊዝሆልዲንግ (ከክፍያው ላይ ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ይቆርጣሉ፣ 2 በመቶ የነበረው በ2017ቱ ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል። እሱ በኋላ ከምትከፍሉት ግብር ላይ ስለሚታሰብላችሁ ደረሰኙን አትጣሉ። ቲን ቁጥር (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) የሌለው ሰው ግን በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሰረት የሚቆረጥበት 30 በመቶ ነበር፣ ያ ማለት የለመናችሁት ጭማሪ በሙሉ ሄደ። ቫት የተመዘገባችሁ ደግሞ «15 በመቶ ቫት ሳይጨምር» የምትል ቃል ኮንትራቱ ላይ መኖሯን እዩ።

«እምቢ ብለው ቢተዉኝስ?» ያለችው ልጅ ጥያቄ የሁላችሁም ነው። ሊተዉሽ ይችላሉ፣ አልዋሽሽም። ለዛ ነው እድሳት ሳይደርስ ቢያንስ ሌላ አንድ ክላየንት ጋ ወሬ መጀመር ያለብሽ፣ ባይሳካ እንኳን መመለሻ እንዳለሽ ስታውቂ ድምጽሽ ይለያል። የሶስት ወር ወጪ ያጠራቀመ ሰውም እንደዛው። ይሄ ሁሉ ከሌለሽ፣ ቤተሰብ የምትረጂ ከሆነ፣ ዘንድሮ በድሮው ዋጋ ፈርሚ፣ ማንም ሊፈርድብሽ አይችልም። ግን ጠይቀሽ ፈርሚ። ለአራት ወር ፈርሚ። የሚቀጥለውን ክላየንት ፍለጋም በዛው ሳምንት ጀምሪ።

መጨረሻ ላይ ከኋላ ያለው ወንድሜ «እኔ ባለፈው ሳምንት ለአመት ፈርሜያለሁ፣ አሁን ምን ላድርግ?» አለ። አንቀጽ 1764ን አስታውስ፣ ውሉን አክብረህ ስራ፣ ስራህን አትቀንስባቸው። ግን ኮንትራቱን አውጥተህ የተጻፈውን ስራ አንድ በአንድ አስምርበት፣ ከሱ ውጪ ያለው ሁሉ አልተሸጠም። ነገ «ይቺን ደግሞ ጨምርልን» ሲሉህ «ደስ ይለኛል፣ እሷ ከኮንትራቱ ውጪ ስለሆነች ዋጋዋን ዛሬ ማታ እልክላችኋለሁ» በላቸው፣ እና በድሮው ዋጋ ሳይሆን አሁን ቆጥረህ ባወጣኸው አስልተህ ላክላቸው።